በመሮና በመዶሻ የተፈተነው ኬብል፦ የሴባስቲያን ፌራንቲ ሕይወት

ለንደን ውስጥ አንድ ሠራተኛ መዶሻውን ከፍ አድርጎ አነሣ። ባልደረባው 10,000 ቮልት በሚያልፍበት ኬብል ላይ መሮ አሳርፎ በእጁ ይዟል። መዶሻው ወረደ፤ መሮውም ኬብሉን በስቶ ገባ። መሮውን የያዘው ሰው አንዳች አልሆነም።

ይህን አስደንጋጭ ሙከራ ያሰናዳው ወጣቱ መሐንዲስ ሴባስቲያን ዚያኒ ደ ፌራንቲ ነበር። ዓላማው የብሪታኒያ የንግድ ቦርድ ባለሥልጣናትን ማሳመን ነው። በዚያን ዘመን ይህን ያህል ቮልቴጅ የሚሸከም ኬብል ምን ማሟላት እንዳለበት የሚደነግግ ስታንዳርድ አልነበረምና የሰው እጅ መፈተኛ ሆነ።

ፌራንቲ በአውሮፓውያኑ 1864 ሊቨርፑል ተወለደ። አባቱ ፎቶግራፍ አንሺ፣ እናቱ የፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ሳለ፣ ግሮቭነር የተባለውን የለንደን የሥዕል አዳራሽና ጎረቤቶቹን የሚያበራው ጣቢያ ዋና መሐንዲስ ሆነ። ያኔ ኤሌክትሪክ የሚመነጨው በየሰፈሩ በሚተከሉ ትንንሽ ጣቢያዎች ነበር። እሱ ግን በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ዴትፎርድ ላይ ግዙፍ ጣቢያ ተክሎ ኃይሉን በ10,000 ቮልት ወደ መሀል ከተማ ለመላክ ቆረጠ።

ኬብሉስ ከየት ይምጣ? ገበያ ላይ የነበረው ይህን አይችልም። ፌራንቲ የራሱን ሠራ። በመዳብ ቱቦ ላይ በማዕድን ሰም የተነከረ ቡናማ ወረቀት ጠቀለለ፤ በላዩ ሌላ የመዳብ ቱቦ አለበሰ፤ እንደገና ወረቀት፣ በመጨረሻም የብረት ቧንቧ። ግትር ስለነበር እንደ ገመድ አይጠመጠምም። 6 ሜትር ያህል እየሆነ ተመረተ፤ ጫፉ እንደ ተቀረጸ እርሳስ እየሾለ አንዱ በሌላው ውስጥ ተሰካ። በሺዎች የሚቆጠሩት መገጣጠሚያዎች የባቡር ሐዲድን ተከትለው ከተማዋ ዘለቁ።

የመሮው ምሥጢር በውጪው የመዳብ ቱቦ ላይ ነው። ቱቦው ከመሬት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ መሮው ሁለቱን ቱቦዎች ሲያገናኝ ኃይሉ በሰውየው ሳይሆን በቱቦው በኩል ይመለሳል፤ ፊውዙም ይቃጠላል።

ኬብሉ ቢጸናም ሥራው አልጸናም። በ1890 መገባደጃ በግሮቭነር ማከፋፈያ ጣቢያ እሳት ተነሥቶ አገልግሎቱ ለወራት ተቋረጠ። ደንበኞች ሸሹ። በእርግጥ ጥድፊያው ከልክ ያለፈ ነበር፤ ያልተሞከረን ነገር ባልተሞከረ ነገር ላይ ደራርቧል። በቀጣዩ ዓመት ከኩባንያው ሲለይ ዕድሜው 27 ነበር።

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለንደን ላይ የተጠነሰሰው በ1906 ነው። ኮሚሽኑ እስከ 30 ኪሎ ቮልት ላሉ ኬብሎች ያወጣው ስታንዳርድ፣ የኢትዮጵያን 15 ኪሎ ቮልት የማከፋፈያ መስመር የመሰለውንም የሚያካትት ሲሆን፣ የመካከለኛ ቮልቴጅ ኬብል ከፋብሪካ ሳይወጣ በመሪ ሽቦውና በብረት ልባሱ መካከል ከተመደበለት ቮልቴጅ ሦስት ተኩል እጥፍ ለ5 ደቂቃ እንዲሸከም ያዛል። ወረቀቱን ፕላስቲክ ተክቶታል፤ ከመሬት ጋር የሚያያዘው ልባስ ግን አሁንም አለ።

ፌራንቲ በ1930 ዙሪክ ውስጥ አረፈ። ከዴትፎርድ የዘረጋው ኬብል ከፊሉ እስከ 1933 ድረስ ኃይል ሲያስተላልፍ ቆይቷል።