ሕልማቸውን ነቅተው የጠበቁ ሐኪም

ሕልም ተፈርቶ ሳይተኙ አይታደርም ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ስለ ድፍረት የተነገረ ቢሆንም ስለ እንቅልፍም አንድ እውነት ይዟል። የተኛ ሰው የሚመጣበትን ሕልም አይመርጥም፤ የመጣበትንም እስኪነቃ ድረስ እውነት ነው ብሎ ይቀበላል። ገደል ሲገባ ይጮኻል፤ የሞተ ዘመዱን ሲያገኝ ያነጋግራል፤ ለካስ ሕልም ኖሯል የሚለው ጧት ሲነሣ ብቻ ነው። ዳሩ ግን አንዳንድ ሰዎች ገና ተኝተው ሳሉ፣ ሕልሙም ሳይቋረጥ፣ የሚያዩት ሁሉ ሕልም መሆኑን ያውቃሉ። ይህን ዓይነቱን ሕልም በዚህ ጽሑፍ ንቁ ሕልም እንለዋለን። ነገሩን ከተረት አውጥተው በመዝገብ ካሰፈሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ የኔዘርላንድሱ ሐኪምና ደራሲ ፍሬደሪክ ፋን ኤደን ናቸው። ሕይወታቸውን ለማኅበራችን አባላት ማቅረብ የወደድነውም ስለ ሕልም ብቻ ስለሚያስተምር አይደለም፤ ማንም ሌላ ሰው ሊያየው የማይችለውን ነገር ሐኪም እንዴት አድርጎ መመልከትና መመዝገብ እንደሚገባው ስለሚያሳይ ጭምር ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፋን ኤደን አፕሪል 3 ቀን 1860 በሀርለም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የታወቁ የዕፅዋት ተመራማሪና በዚያችው ከተማ የነበረው የቅኝ አገሮች ቤተ መዘክር ኃላፊ ስለ ነበሩ፣ ተፈጥሮን በቅርብ መመልከት ለቤተሰቡ እንግዳ ነገር አልነበረም። ልጁም በአምስተርዳም ሕክምና ተምረው፣ በ1886 ስለ ሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች አመጋገብ ባቀረቡት ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በ1885 ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው «አዲሱ መሪ» የሚል ትርጉም ያለው የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አቋቁመው ነበር። በስማቸው እስከ ዛሬ የሚታወቀው «ትንሹ ዮሐንስ» የተባለው ልብ ወለድም መታተም የጀመረው በዚሁ መጽሔት ላይ ነው። ስለዚህ ሐኪሙና ደራሲው በአንድ ሰው ውስጥ አብረው አደጉ ማለት ይቻላል።

በ1887 ፋን ኤደን ከሐኪሙ ፋን ሬንተርኸም ጋር በአምስተርዳም አንድ ሕክምና ቤት ከፈቱ። የሚሠሩበት ዘዴ በፈረንሳይ አገር በናንሲ ከተማ ሊዬቦና በርንሃይም ያስፋፉት፣ በሽተኛውን በሂፕኖሲስ አረጋግቶ በቃል የማከም ዘዴ ነበር። ሳይኮቴራፒ የሚለውን ቃል ለሥራቸው መጠሪያ አድርገው ከተጠቀሙት የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች መካከልም ሁለቱ ይገኙበታል። ፋን ኤደን ከሕክምና ቤቱ በ1893 ቢለዩም፣ ሙሉ በሙሉ ያልተኛ፣ ሙሉ በሙሉም ያልነቃ ሰው ምን እንደሚሰማውና ምን ማድረግ እንደሚችል በየቀኑ ያዩት በዚያ ነበር። ወደ ራሳቸው እንቅልፍ ዓይናቸውን እንዲመልሱ ያደረጋቸውም ምናልባት ይኸው ሊሆን ይችላል።

የሕልም መዝገባቸውን በ1896 ጀመሩ። በሰኔ ወር 1897 አንድ እንግዳ ነገር ገጠማቸው። በሕልማቸው ቅጠላቸው በረገፈ ዛፎች መካከል እየተንሳፈፉ ሲያልፉ፣ የቅርንጫፎቹና የጭራሮዎቹ አቀማመጥ ልክ እንደ እውነቱ ከእርሳቸው እንቅስቃሴ ጋር አብሮ ሲለዋወጥ አስተዋሉ። እንዲህ ያለውን ረቂቅ ሥዕል የራሳቸው ምናብ ሊፈጥረው መቻሉ እጅግ አስገረማቸው። ልብ ሊባል የሚገባው መገረማቸው አይደለም፤ ተኝተው ሳሉ መመራመራቸው ነው።

ከዚያም ጃንዋሪ 20 ቀን 1898 ለሥራቸው መሠረት የሆነውን ሕልም አዩ። በሕልሙ ከጥናት ክፍላቸው መስኮት ፊት ለፊት፣ በአትክልቱ ቦታ በደረታቸው ተኝተው፣ በመስታወቱ ውስጥ የውሻቸውን ዓይኖች ይመለከታሉ። በዚያው ቅጽበት ግን ይህ ሕልም እንደ ሆነና እውነተኛው አካላቸው በአልጋ ላይ በጀርባው እንደ ተኛ ፈጽመው ያውቁ ነበር። በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጦ በነቃ፣ ወይም በደስታ ሮጦ ሕልሙን ባጠፋው ነበር። ፋን ኤደን ሁለቱንም አላደረጉም። በደረት የመተኛት ስሜት ወደ ጀርባ ስሜት እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት፣ ቀስ ብለውና ተጠንቅቀው ለመንቃት ወሰኑ። እንዳሰቡትም ሆነ፤ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው የመንሸራተት ያህል ተሰማቸው፤ ሲነቁም የሁለቱም አካላት ትዝታ አብሯቸው ነበር።

ከዚህች ሌሊት ጀምሮ ለንቁ ሕልሞች የተለየ መዝገብ ከፈቱ። እስከ 1912 መጨረሻ ድረስ 352 ንቁ ሕልሞችን መዘገቡ። ቁጥሩ ብዙ ይምሰል እንጂ በዐሥራ አምስት ዓመት ሲካፈል በወር ሁለት እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ሥራው የትዕግሥት ሥራ ነበር። እያንዳንዷን ዕድል ለአንዲት ትንሽ ሙከራ ያውሏት ነበር። አንድ ጊዜ በ1904 በሕልም ያገኙትን ብርጭቆ ለመስበር ሞከሩ፤ ብርጭቆው መጀመሪያ እምቢ ብሎ ቈየና ተራው እንዳለፈበት ተዋናይ ዘግይቶ ተሰበረ። በዚያው ሕልም የሕልም ወይን ጠጅ ቀመሱ፤ ጣዕሙም የወይን ጠጅ ሆኖ አገኙት። ደግሞም አንዳንዴ በሕልማቸው በኃይል ይጮኹ ወይም ይዘፍኑ ነበር፤ በአልጋ ላይ ያለው አካላቸው ግን ዝም እንዳለ ያውቁ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ንቁ ሕልሞቻቸው ሁሉ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት እስከ ጧቱ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የመጡ መሆናቸው ነው። ምክንያቱን በዘመናቸው ማንም ሊነግራቸው አልቻለም፤ እርሳቸው ግን ጻፉት።

ንቁ ሕልም የሚጠፋው በሁለት መንገድ ነው። በአንድ በኩል፣ ሰውየው ሕልም መሆኑን ሲያውቅ ልቡ በደስታ ወይም በድንጋጤ ይመታና ይነቃል። በሌላ በኩል፣ በሚያየው ነገር ይመሰጥና ማወቁን ረስቶ ወደ ተራ ሕልም ይመለሳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችው መንገድ ቀጭን ናት። በእርሷ ላይ የሚቈየው ቀልቡን ሰብስቦ፣ ነገር ግን ሕልሙን ሳይጨብጥ መሄድ የቻለ ነው። የፋን ኤደን መዝገብ የሚያሳየን ይህን ነው። ትንሽ ጥያቄ ይዘው ይገባሉ፤ መልሱን ጠብቀው ይመለከታሉ፤ ሕልሙን ለማዘዝ ከመቸኰል ይልቅ ያስተውላሉ። ሦስተኛም ወጥመድ እንዳለ አልሸሸጉም፤ ነቃሁ ብሎ የተነሣ ሰው ገና በሕልም ውስጥ ሊሆን ይችላል። ይህን የሐሰት መንቃት ሕልሞችን ከከፈሉባቸው ዘጠኝ ክፍሎች የመጨረሻው አደረጉት።

በሌሊት የነበራቸው ይህ ትዕግሥት በቀን ሥራቸው እንዳልረዳቸው መናገር ይገባል። በ1898፣ ያ ታላቅ ሕልም በታየበት ዓመት፣ በቡሱም አቅራቢያ ዋልደን የተባለ የጋራ መኖሪያና የእርሻ ቦታ አቋቋሙ። ስሙን የወሰዱት ከአሜሪካዊው ደራሲ ከቶሮ መጽሐፍ ነው። መሬትና ጉልበት በጋራ፣ ብዝበዛም የሌለበት ኑሮ እንዲሆን ነበር ሐሳባቸው። በ1903 በኔዘርላንድስ የምድር ባቡር ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ከሠራተኞቹ ጎን ቆሙ፤ ሥራቸውን ላጡትም መረዳጃ የሚሆን የኅብረት ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። በዚያው ሰሞን በንቁ ሕልም በሞት የተለዩ አንድ የጋብቻ ዘመዳቸውን አገኙ፤ እኚያም 10,000 ጊልደር እንደሚያጡ ነገሯቸው። ኪሳራው በእርግጥ መጣ፤ እንደ ራሳቸው ቈጠራ ከተነገራቸው ሃያ እጥፍ ነበር። ዋልደንም በ1907 ከስሮ ተዘጋ።

ፋን ኤደን ይህን ሕልም ከሙታን ዓለም የመጣ መልእክት አድርገው ያዩት ነበር። አንዳንድ አስፈሪ ሕልሞችንም ከራሳቸው ውጭ ያሉ መናፍስት ሥራ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ዛሬ አንባቢው እዚህ ላይ ከእርሳቸው ጋር ላይስማማ ይችላል፤ ሥራ የማቆሙ ነገር ወዴት እንደሚያመራ ልባቸው በቀን ሊያምን ያልፈለገውን፣ በሌሊት በዘመዳቸው አፍ ተናግሮ ይሆናል። ይሁንና መዝገቡ ከእምነታቸው ሊለይ መቻሉ የሥራቸው ጥንካሬ ምልክት ነው። ያዩትን በአንድ ወገን፣ የመሰላቸውን በሌላ ወገን ስለ ጻፉ፣ ግምታቸውን የማይቀበል ሰውም ምስክርነታቸውን ሊጠቀምበት ይችላል።

የ1913 ዓመት ለፋን ኤደን የሐዘን ዓመት ነበር፤ ልጃቸው ጳውል በሳንባ ነቀርሳ፣ እርሳቸው በወጣትነታቸው ባጠኑት በሽታ፣ በ24 ዓመቱ ሞተ። ስለ አሟሟቱም አንድ መጽሐፍ ጻፉ። በዚያው ዓመት አፕሪል 22 ቀን፣ ለንደን በሚገኘው የመንፈሳዊ ክስተቶች ምርምር ማኅበር ፊት የሕልም ጥናታቸውን አነበቡ። ዛሬ በዓለም የሚሠራበትን የንቁ ሕልምን የእንግሊዝኛ ስያሜ ያስፋፋው ይህ ጽሑፍ ነው። ቃሉ የአእምሮ ሐኪሞች የበሽተኛው ልቦና ለጥቂት ጊዜ ሲመለስ ሁኔታውን የሚገልጹበት ነበር። ከእርሳቸው በፊት ፈረንሳዊው የቻይና ቋንቋ ሊቅ ኤርቬ ደ ሳን ደኒ በ1867 ሕልምን ስለ መምራት መጽሐፍ አሳትመው ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ብዙ ዘመን በጥርጣሬ ቈየ። ነቅቶ የሚያውቅ ሰው እንዴት ተኝቷል ሊባል ይችላል ተባለ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኖርማን ማልኮም በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በእንቅልፍ ውስጥ መፍረድና ማወቅ የሚባል ነገር ትርጉም የለውም ሲሉ ተከራከሩ። ሆኖም በ1953 በቺካጎ አሴሪንስኪና ክላይትማን ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ክፍል አግኝተው ነበር። ይህ የእንቅልፍ ክፍል 90 ደቂቃ ያህል እየቈየ ይመላለሳል፤ ሊነጋ ሲል ደግሞ እየረዘመ ይሄዳል። የፋን ኤደን ሕልሞች በንጋት ላይ የመምጣታቸው ምክንያት በዚህ ተገለጸ።

ማስረጃው የመጣው በ1975 ነው። በእንግሊዝ አገር በሃል ዩኒቨርስቲ ኪት ሄርን አንድ ዘዴ አሰቡ። በሕልም ጊዜ የሰውነት ጡንቻ ቢዝልም የዓይን ጡንቻ አይዝልም፤ ስለዚህ የተኛው ሰው ሕልም መሆኑን ሲያውቅ፣ አስቀድሞ በተስማሙበት መሠረት ዓይኑን ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሳል። ምልክቱ በመሣሪያው ላይ ተመዘገበ፤ ሰውየውም በዚያን ጊዜ በእርግጥ ተኝቶ እንደ ነበር የአንጎሉ ሞገድ መሰከረ። በስታንፎርድ ስቲቨን ላበርጅና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ለብቻቸው አረጋግጠው በ1981 አሳተሙ። ፋን ኤደን ለንደን ላይ ጥናታቸውን ካነበቡ እስከ ሄርን ሙከራ ድረስ 62 ዓመት አልፏል። በ2021 ደግሞ በአራት አገሮች የሚገኙ ተመራማሪዎች 36 ሰዎችን በንቁ ሕልም ውስጥ ሳሉ ጥያቄ ጠየቋቸው፤ በንቁ ሕልም ውስጥ መሆናቸው በምልክት ከተረጋገጠባቸው ሙከራዎች ከመቶ 18 ያህሉ ትክክለኛ መልስ አገኙ። ከአራቱ አገሮች አንዷ የፋን ኤደን አገር ናት።

ላበርጅ ንቁ ሕልም እንዳይበተን የሚረዱ ዘዴዎችንም መርምረዋል። ሕልሙ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚጠፋው ማየት ነው፤ መዳሰስ ይዘገያል። ስለዚህ በሕልሙ ውስጥ እጅን ከእጅ ማሸት ወይም ባሉበት መሽከርከር፣ እየሆነ ያለው ሁሉ ሕልም መሆኑንም ለራስ እየደጋገሙ ማስታወስ ይመከራል። አእምሮ በሕልሙ እጆች ስሜት ሲያዝ፣ ከትራሱና ከብርድ ልብሱ የሚመጣው ስሜት ቦታ ያጣል ተብሎ ይገመታል። ነቃሁ ብሎ የሚያስብም ከመነሣቱ በፊት በእርግጥ መንቃቱን ይመርምር። በሙያችን በኩል ጥቅሙ ለቅዠት ሕሙማን ነው፤ የሚያሳድደው ነገር ሕልም መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቆም ብሎ ሊመለከተው ይችላልና። ዳሩ ግን እውኑንና ምናቡን መለየት ለቸገረው በሽተኛ ይህን ልምምድ ማዘዝ አይገባም፤ እንቅልፍ ለጐደለውም እንቅልፉን መቆራረጥ ጉዳት ነው።

ፋን ኤደን በ1922 የካቶሊክ እምነትን ተቀብለው፣ ሰኔ 16 ቀን 1932 በቡሱም ዐረፉ። እርሻቸው ጠፍቷል፤ ገንዘባቸውም ባክኗል። የቀረው ከመጻሕፍታቸው ሌላ፣ በየንጋቱ አልጋቸው ላይ ሆነው የሞሉት መዝገብ ነው። መመርመሪያ መሣሪያ በሌለበት ዘመን ሐኪሙ የራሱን እንቅልፍ እንደ በሽተኛ ተመለከተ፤ ያልገባውንም ሳይሰርዝ ጻፈ። እኛም ዛሬ አንድ ሕመምተኛ በማናችንም መሣሪያ የማይታይ ነገር ሲነግረን፣ የለም ከማለታችን በፊት ሰዓቱን፣ ሁኔታውንና አካሄዱን ጠይቀን ብንጽፍለት፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው ሊያረጋግጠው ይችል ይሆናል።