ሩዶልፍ ቪርሾ እና የግራ እግር እብጠት

ዶ/ር ሩዶልፍ ቪርሾ እ.ኤ.አ. በ1821 በፖሜራኒያ፣ በዛሬዋ ፖላንድ ተወለዱ። በርሊን ሕክምና ተምረው በ1843 ከተመረቁ በኋላ በሻሪቴ ሆስፒታል አስከሬን መመርመር ጀመሩ።

በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ የሚገኘው የረጋ ደም ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ፣ በተለይም ከእግር ደም መላሽ ሥር ተነቅሎ በልብ በኩል እንደሚመጣ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ይህንን ለማረጋገጥ የጎማ ቁራጭ በውሾች ደም መላሽ ሥር ውስጥ ከትተው የት እንደሚያርፍ ተከታተሉ። ትሮምቦሲስ እና ኤምቦሊዝም የሚሉትን፣ ዛሬም በታካሚ ካርድ ላይ የምንጽፋቸውን ቃላት አውጥተዋል።

በ1848 በላይኛው ሲሌዥያ የታይፈስ ወረርሽኝን እንዲያጠኑ ተላኩ። በሽታውን ያባባሰው ድህነትና የመንግሥት ቸልተኝነት ነው ብለው ጻፉ፤ በዚያው ዓመት አብዮትም ተሳተፉ። በፖለቲካ አቋማቸው ከሥራ ሲታገዱ ወደ ቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ።

በ1851 የደም መርጋት ከቀኝ እግር ይልቅ በግራ እንደሚበዛ አስተዋሉ። ምክንያቱ አቀማመጥ ነው፦ ወደ ቀኝ እግር የሚወርደው ደም ወሳጅ ሥር ከግራ እግር የሚመለሰውን ደም መላሽ ሥር ከላይ አቋርጦ ያልፋል፤ ከጀርባ አጥንት ጋርም ይጫነዋል። በ1957 ሜይ እና ተርነር የተባሉ ሐኪሞች 430 አስከሬን መርምረው በ22 በመቶው ላይ በዚያ ቦታ የሥሩ ግድግዳ ወፍሮ አገኙ። በሽታው በእነሱ ስም ይጠራል፤ እኔ ብሆን የቪርሾንም ስም እጨምር ነበር።

ቪርሾ ይህንን ማየት የቻሉት በአስከሬን ላይ ብቻ ነው። አሁን በመጀመሪያ ዶፕለር አልትራሳውንድ እናዛለን። ጨረር የለውም፤ የጭንና የባት ሥሮችንም በደንብ ያሳያል። የዳሌ ውስጥ ሥር ግን ጥልቅ ስለሆነና የአንጀት አየር ስለሚሸፍነው ሊያመልጠው ይችላል። ጥርጣሬ ከቀረ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል። በብዙ ጤነኛ ሰዎችም መጫኑ ስለሚታይ ምልክት ለሌለው ሰው ምስሉ ብቻ ሕክምና አያስጀምርም። ደም ሲረጋ ደም ማቅጠኛ ይሰጣል፤ ሥሩ ግን እንደተጫነ ስለሚቀር በተመረጡ ታካሚዎች ላይ ስቴንት ይገባል።

በተለይ በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ ግራ እግርዎ በድንገት ካበጠ አያሳሹት፤ በዚያው ቀን ይመርመሩ። ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት ግን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ቪርሾ በ1856 ወደ በርሊን ተመለሱ። በጥር 1902 ከትራም ሲወርዱ የጭን አጥንታቸው ተሰበረ፤ በዚያው ዓመት መስከረም 5 ቀን በ80 ዓመታቸው አረፉ።