አለቃ ገብረ ሐናና የተክሌ ዝማሜ

አለቃ ገብረ ሐና በ1814 ዓ. ም. በፎገራ፥ ናበጋ ጊዮርጊስ በሚባለው ደብር ተወለዱ። ወደ ጎጃም ተሻግረው ቅኔ ተማሩ፤ ወደ ጎንደርም ተመልሰው በበአታ ለማርያም አስተማሩ። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በቀልዳቸውና በመልሳቸው ፍጥነት ነው። ይህ ዝና ሌላውን ሥራቸውን ሸፍኖባቸዋል፤ እኒያ አንደበተ ርቱዕ ሊቅ ለቤተ ክርስቲያን ያተረፉት ትልቁ ነገር ቃል የሌለበት ነውና።

በማኅሌት ጊዜ መዘምራን በሁለት ወገን ቆመው አስቀድመው ዜማውን በቁሙ ይሉታል፤ ከዚያ በመቋሚያ ይዘማል፤ ቀጥሎ በጸናጽልና በከበሮ ይመረገዳል፤ በመጨረሻም በጭብጨባ ይጸፋል። ግእዝ የማታውቅ እናት የድጓው ቃል ቢያመልጣት እንኳ፥ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ሲል ጌታ በሕማሙ ጊዜ መገፋቱን፥ ከበሮው ሲመታም መመታቱን ታስባለች፤ ሊቃውንቱ ምሥጢሩን እንዲሁ ይተረጕሙታልና። ስለዚህ የዝማሜን ሥርዓት መንካት ቀላል ነገር አልነበረም።

አለቃ ገብረ ሐና ግን የጣና ማዕበል ወደ ዳር ወጥቶ ሲመለስ፥ በዳሩ ያለውም ደንገል ነፋስ ሲነካው ዘንበል ቀና ሲል አይተው፥ ያንኑ አካሄድ ወደ መቋሚያው አመጡት ብለው አበው ይተርካሉ። የጎንደር ሽማግሎች መዘምራን አልተቀበሏቸውም፤ ከአባቶቻቸው ከተረከቡት የተለየ እንግዳ ነገር ሆነባቸው። በዚህ ሊወቀሱ አይገባም፤ ጠባቂ ባያገኝ ዜማው እስከ ዛሬ ባልደረሰም ነበር። አለቃን በነገር የሚረታ ሰው አልነበረም፤ ዝማሜ ግን ታይቶና ተለምዶ እንጂ በክርክር ልብ አይገባም። ስለዚህ ልጃቸውን ተክሌን ከፊታቸው አቁመው አስተማሩ።

አለቃ ተክሌም ወደ ደብረ ታቦር ወጥተው ለካህናቱ አስተማሩ፤ ደብረ ታቦርም ጎንደር የመለሰውን ተቀበለ። አገሩ ለዜማ ባዕድ አይደለም። የድጓው ምስክር ቤተ ልሔም፥ የዝማሬና መዋሥዕቱም ምስክር ዙር አምባ በዚያው በጋይንት ናቸው።

አለቃ ገብረ ሐና በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት (1882–1906 ዓ. ም.) አረፉ። ዛሬ በብዙ አድባራት ከጎንደሩ አቋቋም ጎን ለጎን በተክሌ ይዘማል። ስሙ የወጣለት በልጃቸው ነው፤ ደቀ መዛሙርትም ይህንኑ ለማስመስከር ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ይወጣሉ።