የብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ሕይወት

ከለቡ መብራት ኃይል በማለዳ ተነሥተን ወደ ዩኒቨርሲቲው የምንመላለስ ተማሪዎች፥ በታክሲ ውስጥ ስለ ከተማ ሹሞች ሲወራ ሳንሰማ የዋልንበት ቀን የለም። የሹም ታማኝነት ለሿሚው ነው ወይስ ለሕዝቡ? ይህ ጥያቄ የዛሬ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ለቡ ገና ከከተማው ውጭ የእርሻ አገር በነበረችበት ዘመን አዲስ አበባን ካስተዳደሩት ሰዎች የአንዱን ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

ብላታ ታከለ የተወለዱት በ1892 ዓ.ም. ገደማ ነው። በራስ ተፈሪ ዘመን ብቅ ካሉት ወጣት ሹማምንት መካከል ነበሩ፤ ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ዳይሬክተርነት ያገለግሉ ነበር።

በማይጨው ጦራችን ከተፈታ በኋላ፥ በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ይውጡ ወይስ እዚሁ ይዋጉ የሚል ምክር ተደረገ። አብዛኛው መኳንንት መውጣቱን ደገፈ። ብላታ ታከለ ግን ጌታቸውን በግልጽ ተቃወሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ሄዱ። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ ከተማይቱ ጠባቂ አጥታ ተዘረፈች፥ ተቃጠለች።

ብላታ ታከለ ወደ ዱር ወጥተው አርበኛ ሆኑ። አገር ጥሎ የሄደ ንጉሥ ተመልሶ ሊገዛ አይገባውም የሚለውን አሳብም ያዙ፤ እንዲያውም ስለ ሪፑብሊክ ያስቡ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ኑሯቸው በሹመትና በእስራት መካከል ሆነ። በሤራ ተከሰው ለብዙ ዓመታት ታሰሩ፤ ሲፈቱም በአገር ግዛት ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር፥ ኋላም አፈ ንጉሥ ሆኑ። ከዚያ ደግሞ እንደ ገና ታሰሩ። ሹመቱ አፋቸውን አልዘጋውም፤ እስራቱም አላለዘባቸውም።

በኅዳር 1962 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ዶልተዋል ተብሎ ፖሊስ ሊይዛቸው ቤታቸውን ቢከብ፥ እጅ አልሰጥም ብለው ሲታኰሱ ሞቱ። በሚቀጥለው ወር የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። ሽማግሌው ባላባትና ወጣቱ ተማሪ መንገዳቸው ለየቅል ነበር፤ ያን ኅዳርና ታኅሣሥ ግን ታሪክ አጐራበታቸው።

እኛ የብላታ ታከለን ድፍረት እናደንቃለን። ሆኖም አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ እውነትን መሸሽ ይሆንብናል። ይኸውም በምስጢር የተዶለተ ነገር፥ ዓላማው ቢያምርም፥ ሕዝቡ ያልመከረበት ነው። ጥፋቱ ግን የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። የከተማው ሹም ከዙፋን የሚሾም እንጂ በነዋሪው የሚመረጥ ስላልነበረ፥ ተቃውሞውን ይዞ የሚቆምበት ሸንጎ፥ ፍረዱኝ የሚለው መራጭ አልነበረውም። የቀረለት ወይ ዝምታ፥ ወይ ጠመንጃ ነበር።

ነገ በማዘጋጃ ቤቱ ወንበር የምንቀመጥ እኛ ነንና፥ ሦስተኛውን መንገድ ማበጀት የእኛ ዕዳ ነው።