ካምቢዮ የሌላት መኪና የሠራው ሰው

ያገለገለ ሃይብሪድ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው ስለ ባትሪው ሳይጠይቅ አይመለስም። ስለ ካምቢዮ ዘይቱ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሻጩም ቢጠየቅ ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም ብሎ ይገላገላል። የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም።

ይሄን ጉዳይ ሳነብ ነው ከፈርዲናንድ ፖርሽ ታሪክ ጋር የተገናኘሁት። አዎ፣ የፖርሽ መኪናው ፖርሽ። የመጀመሪያውን በተግባር የሚሠራ ሃይብሪድ የሠራው እሱ ነው፤ መኪናዋ ደግሞ ካምቢዮ የሚባል ነገር አልነበራትም።

ፖርሽ የተወለደው በ1875 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ከአንዱ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መንደሩ ማፈርስዶርፍ ያኔ በኦስትሪያ-ሀንጋሪ ሥር ነበረች፤ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ናት። አባቱ ቆርቆሮ ሠሪ ነበሩ፤ ልጃቸው ሙያቸውን እንዲይዝ ይፈልጉ ነበር። የልጁ ልብ ግን ኤሌክትሪክ ላይ ነበር። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የቤተሰቡን ቤት መብራት አስገባለት። በ18 ዓመቱ ቪየና ሄዶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ሳይመዘገብ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ሾልኮ እየገባ ይማር ነበር። ተምሮ የያዘው ዲግሪ የለውም። ስሙ ፊት ያለው ዶክተር የሚለው ማዕረግ በክብር የተሰጠው ነው።

በ1898 ሎነር የሚባል የሠረገላ ፋብሪካ ቀጠረው። ከሁለት ዓመት በኋላ በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የቀረበችው የሎነር-ፖርሽ የኤሌክትሪክ መኪና ሰውን አስገረመች። በዚያን ጊዜ የቤንዚን መኪኖች ጉልበቱን ከሞተር ወደ ጎማ የሚያደርሱት በማርሽ፣ በሰንሰለት ወይም በቀበቶ ነበር። ጉልበት መንገድ ላይ ይባክናል፣ ዕቃው ቶሎ ይበላል፣ ማርሽ መቀየርም ራሱን የቻለ ትግል ነው። ፖርሽ ሁሉንም ጣለውና የኤሌክትሪክ ሞተሩን ጎማው መሀል ከተተው። ካምቢዮ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም። የሚቀየር የካምቢዮ ዘይትም የለም።

ችግሩ ባትሪው ነበር። እርሳስ ነው፣ ይከብዳል፤ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ የሚያስኬደው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ እንግሊዛዊ ደንበኛ አራቱም ጎማ ላይ ሞተር ያላት መኪና ሲሠራ ባትሪው ብቻ 1,800 ኪሎ ገባ። ዛሬ የምናየው ፕሪየስ ሙሉ አካሉ ከዚያ ይቀላል።

ስለዚህ ፖርሽ ባትሪውን ቀነሰና ሁለት ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ጨመረ። ሞተሮቹ ጎማ አያሽከረክሩም፤ ጀነሬተር ነው የሚያዞሩት። ከጀነሬተሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ጎማ ውስጥ ላሉት ሞተሮች ይሄዳል። ስሟን ሴምፐር ቪቩስ አላት፤ በላቲን ሁልጊዜ ሕያው ማለት ነው። ያኔ ዕድሜው 25 ነበር። በ1901 ሚክስት በሚል ስም ለገበያ ቀረበች፤ ግን ውድ ናት፣ ጎማዎቿ ይከብዳሉ፣ ጥገናዋም ብዙ ነው። ገበያ ደግሞ ብልሃትን ብቻ አይቶ አይከፍልም። ርካሹ ቤንዚን መኪና፣ ከነካምቢዮው፣ አሸነፈ።

የዛሬው የቶዮታ ሃይብሪድ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችና ማርሾች አንድ ቤት ውስጥ ታሽገው አንድ ዘይት ይጋራሉ። ዘይቱ ማርሹን ያለሰልሳል፣ የሞተሮቹን የመዳብ ጥቅልም ያቀዘቅዛል። ስለዚህ የተገኘው ሁሉ አይጨመርበትም። ለፕሪየስ የታዘዘው ደብሊው-ኤስ የሚባለው ነው፤ ቀበቶ ላላቸው ካምቢዮዎች የተሠራው ዘይት አይሆንም። ከአጎቴ ጋር ግቢ ውስጥ ስንቀይር ከአራት ሊትር ያነሰ ነው የፈጀብን። መኪናው ለጥ ያለ ቦታ ይቆማል፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም፣ ጠንካራ ማቆሚያ ይገባበታል። ሃይብሪድ ድምፅ ሳያሰማ ሊነሳ ስለሚችል መኪናው ይጠፋል፣ ቁልፉም ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ብርቱካንማ ሽቦዎች አይነኩም። ቀድሞ የሚፈታው የመሙያው ቡሎን ነው፤ አሮጌው ዘይት ከፈሰሰ በኋላ እሱ እምቢ ቢል መኪናው እዚያው ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ማፍሰሻው ተፈትቶ ይፈስና ይዘጋል፤ አዲሱ በመሙያው ቀዳዳ ተመልሶ መፍሰስ እስኪጀምር ድረስ ቀስ ተብሎ ይሞላል። በቃ።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ፖርሽ ኦስትሪያና ጀርመን ውስጥ በትልልቅ ፋብሪካዎች ሠርቶ በ1931 ሽቱትጋርት ላይ የራሱን የዲዛይን ቢሮ ከፈተ። በ1934 የሂትለር መንግሥት ለሰፊው ሕዝብ የሚሆን ርካሽ መኪና እንዲነድፍ ሥራ ሰጠው። ያቺ መኪና የእኛ ቮልስ ናት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት።

ስለ ፖርሽ የሚያወሩ ብዙ ቪዲዮዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ይፈጥናሉ። በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ፤ ኤስኤስ ውስጥም ማዕረግ ነበረው። በጦርነቱ ጊዜ በኃላፊነት ይመራው የነበረው የቮልስዋገን ፋብሪካ ለሠራዊቱ ተሽከርካሪ ያመርት ነበር፤ የሠሩትም በአብዛኛው ተገደው የመጡ ሰዎች፣ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ናቸው። በጠቅላላው ወደ 20,000 ይጠጋሉ።

የድሮው ሐሳቡም ተመልሶ መጣ፣ በታንክ መልክ። ፖርሽ ለነብር ታንክ ያቀረበው ንድፍ እንደ ሴምፐር ቪቩስ ቤንዚን ሞተር ጀነሬተር የሚያዞርበት፣ ኤሌክትሪክ የሚነዳው ነበር። ተፈተነ፣ ተበላሸ፣ በተወዳዳሪው ተሸነፈ። አስቀድመው የተሠሩት ወደ 90 የሚጠጉ አካላት ግን ታንክ ማጥቂያ ተደርገው በ1943 ኩርስክ ላይ ተሰለፉ። የተሰጣቸው ስም ፈርዲናንድ ነበር፤ በእሱ ስም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ፈረንሳዮች ይዘው 20 ወር ገደማ አሰሩት። በ1948 ልጁ ፌሪ የፖርሽን ስም የያዘችውን የመጀመሪያዋን መኪና አወጣ። አባትየው ጥር 30 ቀን 1951 በ75 ዓመቱ ሽቱትጋርት ውስጥ ሞተ። ቮልስዋገን በሕይወት ለተረፉት የግዳጅ ሠራተኞች መርጃ ፈንድ ያቋቋመው በ1998 ነው፤ እሱ ከሞተ ከ47 ዓመት በኋላ።