ኢልያ ሜችኒኮፍና የኮመጠጠው አትክልት

ከቤይሩት በስተሰሜን በባሕሩ ዳር ባለችው በጃል ኤል ዲብ ወደ አንዱ ሱቅ ጎራ ስንል ውሃ የሞላባቸው የአትክልት ጠርሙሶች ተደርድረው እናያለን። ከመካከላቸው ሮዝ መልክ ያለው ልፍት የሚሉት ነጭ ሥር ነው፤ ቀለሙ አብሮት ከሚገባው የቀይ ሥር ቁራጭ የመጣ ነው። በኮምጣጤ የተዘጋጀው ብዙም አይብላላም። በጨው ውሃ ብቻ ተከድኖ የሰነበተው ግን በራሱ ይኮመጥጣል፤ ሠራተኞቹም የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። በአገራችን እንሰት ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀበር ቆጮውን የሚያኮመጥጡት የእነርሱው ወገኖች ናቸው። ስለዚህ የእነዚህን ባክቴሪያዎች ዝና በዓለም ያሰማውን የሜችኒኮፍን ሕይወት ለአንባቢያን ልናቀርብ ወደድን።

ሜችኒኮፍ በ1845 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር፣ በካርኮፍ አካባቢ ተወለደ። የአራት ዓመቱን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በሁለት ዓመት ጨረሰ። በ1869 ያገባት ሉድሚላ በሳንባ ነቀርሳ እጅግ ከመዳከሟ የተነሣ ለጋብቻው ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባችው በወንበር ተሸክመዋት ነው። በ1873 ስትሞት ሕይወቱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ። በ1880 ሁለተኛ ሚስቱ ኦልጋ በታይፎይድ ስትታመምም ዳግመኛ ሞትን ፈለገ፤ ሁለቱም ዳኑ። ስለ ረጅም ዕድሜ ያስተማረው እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

በ1882 በመሢና፣ ጣሊያን፣ በባሕር ኮከብ እጭ ላይ እሾህ ሰክቶ አደረ። በማግስቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኘ። ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚውጡ ጠባቂ ሕዋሳት እንዳሉት ያስተማረው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በ1888 ወደ ፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ገባ፤ በ1908 ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

በተራው ሕዝብ ዘንድ ያስጠራው ግን ሌላ ሐሳቡ ነው። በትልቁ አንጀት የሚበሰብሰው ምግብ መርዝ እያመነጨ ሰውን ያስረጃል፣ አሲዱ ግን ብስባሴውን ያቆማል ብሎ አመነ። እርጎን፣ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመንንና በጨው የተቀመጠ ኪያርን ለዚህ ይጠቅሳል። ራሱም በየቀኑ የረጋ ወተት ይጠጣ ነበር።

ስለ ጠርሙሱ ትክክል ነበር። ጨው የአትክልቱን ውሃና ስኳር ያወጣል፣ አበስባሾቹንም ያደክማል። መጀመሪያ ሊውኮኖስቶክ የሚባለው ይነሣና አየሩን በጋዝ ያስወጣል፤ አሲዱ ሲበረታ እርሱ ይደክምና አሲድ የሚችለው ፕላንታረም ይረከባል። ጨዉ ካነሰ ወይም አትክልቱ ከውሃው በላይ ብቅ ካለ አትክልቱ ይላሽቃል፣ ይሻግታል፤ ባለሙያ እናቶች ይህን ከሊቃውንቱ በፊት ያውቁታል።

አንጀት ግን ጠርሙስ አይደለም። እዚህ ላይ ከሊቁ ጋር አንስማማም። በእርጎ ውስጥ ያለው የቡልጋሪያ ባክቴሪያ በሰው አንጀት ተቀምጦ እንደማይራባ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች አሳይተዋል፤ የእርጅናው መርዝ ትምህርትም ተቀባይነት አጣ። ይሁንና ነጋዴዎች ስሙን ይዘው ገበያቸውን አደሩ።

ሜችኒኮፍ በ71 ዓመቱ በ1916 በልብ ሕመም ፓሪስ ውስጥ አረፈ። ሊሞት ሲል ሐኪም ወዳጁን፣ አስከሬኑን ሲመረምር አንጀቱን ደህና አድርጎ እንዲያይለት ለመነው። አመዱ በፓስተር ኢንስቲትዩት ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ።