የወይዘሪት ሊሊያን ዎልድ ታሪክ

በእኛ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. ቅድመ አያቶቻችንን የፈጀውን የኅዳር በሽታ ያልሰማ ተማሪ የለም። በአዲስ አበባ ከነበሩት ጥቂት ሐኪሞች እንኳ በዚሁ በሽታ የሞቱ ነበሩ። ያው ኢንፍሉዌንዛ በዚያው ሰሞን ኒውዮርክ ሲገባ ግን አንዲት እመቤት ሳያውቁት ለዚያ ቀን 25 ዓመት ሲዘጋጁ ኖረዋል። የእኚህን የወይዘሪት ሊሊያን ዎልድን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን። ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሪት ዎልድ በ1867 በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ ተወለዱ። በ1891 የነርስነት ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። በ1893 ከባሕር ማዶ ለመጡ ድኾች ሴቶች የሕመምተኛ አያያዝ ሲያስተምሩ አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ ወደ እናቷ ወሰደቻቸው። እናቲቱ ወልዳ፣ ደም እየፈሰሳት፣ በቆሸሸ አልጋ ላይ ተኝታ አገኟት። ሰባት ነፍስ ያለበት ቤተ ሰብ ከደባሎች ጋር በሁለት ክፍል ተጨናንቆ ይኖር ነበር። ወይዘሪት ዎልድም የሐኪምነቱን ትምህርት ትተው ከጓደኛቸው ከሜሪ ብሩስተር ጋር እዚያው ድኾች ሰፈር ገብተው ተቀመጡ። በ1895 ባለጸጋው ጄኮብ ሺፍ በሄንሪ መንገድ ላይ ቤት ሰጧቸው። በሁለት ነርሶች የተጀመረው ሥራ በ1913 92 ነርሶች ነበሩት።

እኛ ተማሪዎች አንድ ነገር ልናልፍ አንወድም። በ1902 ወይዘሪት ዎልድ ከነርሶቻቸው አንዷን ለአንድ ወር ሙከራ ለከተማው ትምህርት ቤቶች አበደሩ። በቀላል ሕመም ከትምህርት ይባረሩ የነበሩት ልጆች እየታከሙ ስለ ተመለሱ፣ ከተማው ራሱ ነርሶችን ቀጠረ።

በ1918 መከር ኢንፍሉዌንዛው ሲነሣ ብዙ ነርሶች ወደ ጦርነቱ ሄደው ነበር። ለበሽታው መድኃኒትም ክትባትም አልነበረም፤ ውኃ ማጠጣት፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ትኩሳት መጠበቅና ማብላት ብቻ ነበረ፤ ይህም የነርስ ሥራ ነው። በጥቅምት ወር የነርሶች የአስቸኳይ ጊዜ ሸንጎ ሲቋቋም ወይዘሪት ዎልድ ሊቀ መንበር ሆኑ። አስቀድሞ ለየብቻቸው ይሠሩ የነበሩት ማኅበሮች ሁሉ ባንድ ላይ ተሰበሰቡ፤ አንድ ቤት ሦስት ነርሶች ሲመጡበት ሌላው ባዶውን እንዳይቀር ሥራው በሰፈር ተከፈለ። በታላላቆቹ ሱቆች ደጃፍ ላይ ወይዛዝርት ቆመው ለመንገደኞች የጥሪ ወረቀት ያድሉ ነበር። ከመጡትም ያልሠለጠኑት ሾርባ ቀቀሉ፣ ልብስ አጠቡ፣ ስልክ ጠበቁ፣ ነርሶቹን በመኪና አመላለሱ። በእኛ አስተያየት ትልቁ ብልኀት ይህ ነው፤ የተማረችው ነርስ ጊዜዋ ሁሉ ለበሽተኛው ቀረላት። የየቤቱን ደረጃ የሚያውቁ፣ ሕዝቡም የሚያውቃቸው ነርሶች ደግሞ በአንድ ሳምንት የሚገኙ አይደሉም።

እንደዚያም ሆኖ በከተማው ከ20 ሺሕ ያላነሰ ሰው ሞተ። በ1920 በሽታው ሲመለስ ወይዘሪት ዎልድ ስለዚሁ በመጽሔት ጻፉ።

ወይዘሪት ዎልድ በ1940 ዐረፉ። የነርሶቻቸው ክፍል በ1944 ራሱን ችሎ የኒውዮርክ የቤት ለቤት ነርሶች አገልግሎት ሆነ።